የአባቴ ማኅተም

ለውድ አባቴ፣

ከተለዩን ዐሥራ አንድ ወር ሞላ። ለአርባዎ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ፍትሐት አስፈትቻለሁ፤ ለሙት ዓመትዎ ግን መድረሴን እንጃ። በደጃችን የጣሊያን ዘበኛ ቆሟል፤ ከግቢ እንዳልወጣ ከታገድሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ደወል ስሰማ ከአጥሩ ሥር ቆሜ እሳለማለሁ። እናቴ ደኅና ነች። ውሃ የምትቀዳው ግን እሷ ነች፤ በእርጅናዋ እንስራ አሸከምኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሊያኑ ሹም አስጠራኝ። ጉና ተራራ ላይ ያሉት አርበኞች የእርስዎን ቃል እንደሚያምኑ፣ ብዙዎቹም ሞትዎን እንዳልሰሙ ደርሶበታል። «ግቡ፣ ምሕረት ታገኛላችሁ» የሚል ደብዳቤ በስምዎ አጽፏል። የቀረው የዳኝነት ማኅተምዎ ብቻ ነበር።

አስተርጓሚው «የሞተ ሰው ምን ይጎዳል? ማኅተሙን ስጪና በሰላም ኑሪ። የለኝም ካልሽ በወንጌል ትምያለሽ» አለኝ። እስከ ማግስቱ ቀጠሩኝ።

ማኅተሙ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። የለኝም ብዬ ብምል እግዜርን መካድ፣ ብሰጥ እነዚያን ሰዎች ማስገደል ሆነብኝ። አምነው ከገቡት ስንቱ እንደተሰቀለ ከተማው ያውቃል። መውጫ አጣሁ።

ያን ጊዜ ወደ ገሳይ ገበያ የሄድንበት መንገድ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ነው። እርስዎ በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ላይ የፈረዱት ፍርድ ስሕተት መሆኑን ዐውቀው፣ እኔን በበቅሎ አፈናጠው በዝናብ ሰውየውን ፍለጋ ሄዱ። በገበያው መካከል «ተሳስቻለሁ፣ ፍርዱን አንሥቼልሃለሁ» አሉት። ስንመለስ፣ ዳኛ እንዲህ ሲል አያፍርም ወይ ብዬ ጠየቅሁዎ።

«ሳልነግረው ብቀር ምን ብዬ እቆርባለሁ?» አሉኝ። «የተሾምሁት እውነቱን እንድፈልግ ነው። ያልሁት ሁሉ እውነት እንዲባልልኝ አይደለም።»

እርስዎ ያላሉትን በስምዎ እንዲሉብዎ አልፈቅድም ብዬ ቈረጥሁ። ማኅተሙን ድንጋይ ላይ አድርጌ በመጥረቢያ ጀርባ ቀጠቀጥሁት። የስምዎ ፊደል አንድ በአንድ ሲጠፋ አለቀስሁ። ማለዳ ወስጄ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁና «ማኅተሙ ይኸው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። በጥፊ መታኝ። አስተርጓሚው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ፤ እኔም እዚህ ተዘጋሁ።

ከእርስዎ የምሸሽገው የለም፤ ሁልጊዜ ደፋር አይደለሁም። እናቴ ጎንበስ ብላ እንስራዋን ስታወርድ፣ ምነው ሰጥቼ በተገላገልሁ የምልበት ቀን አለ። ከዚያ እነዚያን ሰዎች አስባለሁ፤ ጸጸቱም ይተወኛል፣ እስኪመለስ ድረስ።

ሙት ዓመትዎ ሲደርስ ካልፈቱኝ፣ ንፍሮ ቀቅዬ በደጅ ለሚያልፉ ነዳያን በአጥሩ ላይ አቀብላለሁ። ለእያንዳንዳቸውም የክርስትና ስምዎን እነግራለሁ፤ ቅዳሴ ሲቆሙ እኔን ተክተው ይጠሩልዎታል።

ልጅዎ ብርቄ