በአጥንትሽ የማልኩበት ከሰዓት

ለባለቤቴ ለአስካለ፤

ጤናሽን አልጠይቅሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሞኝነት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሞኝነት እንደማልወድም አንቺ ታውቂያለሽ። ከተለየሽኝ የፊታችን ጥር ዓመት ይሞላል። እስከ ዛሬ አንድ መስመር ያልጻፍኩልሽ በአፌ ሳወራሽ ስለ ኖርኩ ነው። አሁን የምጽፈው ግን ከሌላ ቤት ነው፤ ከዚህ ሆኜ ብናገር ድምፄ ይድረስሽ አይድረስሽ አላውቅም።

አዎ፣ ከሌላ ቤት። ከአትላንታ ወዲያ ጫፍ፣ ኬኔሶ፣ ልጃችን ሰብለ ዘንድ ነኝ። የስቶን ማውንቴኑን ቤታችንን ለቅቄ ወጣሁ። ልጃችን ከቀብርሽ ማግስት ጀምሮ «ዳዲ፣ ብቻህን አትሆንም፣ ሙቭ ታደርጋለህ» ስትለኝ እምቢ እንዳልኳት ነበር። እምቢታዬን ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰብለ ብቻዬን መኖር ልምድ ሆኖብኝ መስሏት ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቤት አልወጣም ያልኩት ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው።

ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ባታውቂው። ቀን ቀን፣ ፀሐይ ሳሎኑ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብታ ሳለ፣ የቆዳ ወንበርሽ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ትንፍስ ይላል። ከሥራ ስትመጪ እጅሽ ላይ የሚቀረው የበረኪና ሽታ ኮሪደሩ ላይ ያገኘኛል፤ እኔ በረኪና ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ፎጣ ሳወጣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ አራት ላይ ታጥፎ አገኘዋለሁ። ምናልባት ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እጄ ያንቺን አስተጣጠፍ ሳላውቀው ለምዶት ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት እሰጠዋለሁ። በምክንያት የማምን ሰው ነኝ። ግን ከቤቱ ብወጣ አንቺን ሁለተኛ ጊዜ የምቀብርሽ መስሎ ይታየኝ ነበር። አንድ ቀብር ይበቃኛል።

ታዲያ ከዚያ ቤት ያስወጣኝ ጎልፍ ነው። ሳቂ፣ ፈቅጃለሁ።

በዚያ የጎልፍ ክበብ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠሪ በመስኮቱ እያየሽ የተማርሽውን ጨዋታ ስንት ዓመት ስነቅፍብሽ እንደ ኖርኩ ታስታውሺያለሽ። እኛ የገና ጨዋታ ስንጫወት ሩሯን ሊቀማን የሚጋፋ ባላጋራ ነበረን፤ እነዚህ ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት ስልሽ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከራሳቸው ጋር ነው። ለዚህ ነው የማይገባህ» አልሽኝ። ቴሌቪዥኑን ሁልጊዜ ድምፁን አጥፍተሽ ነበር የምታይው። ተንታኞቹ በሹክሹክታ ሲናገሩ ለቅሶ ቤት ይመስላል ትይ ነበር። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ድምፅ የምታሰሚው አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ ኳሷን ዶሮ እንደሚጠራ ሰው መዳፍሽን ወደ ታች እያወዛወዝሽ «ነይ፣ ነይ፣ ግቢ» ትያታለሽ። የተለየሽኝ ቀንም ጨዋታው ተከፍቶ፣ አንቺ ወንበርሽ ላይ እግርሽን ዘርግተሽ፣ የተኛሽ መስሎኝ ሳታይው ለምን ትከፍችዋለሽ ብዬ ተቆጣሁሽ። አልመለስሽልኝም። ከዚያ ወዲህ የወንበርሽን የእግር ማሳረፊያ እንደ ተዘረጋ ተውኩት፤ የቴሌቪዥኑንም ድምፅ ከፍ አላደረግኩም። ጨዋታ ባለበት ቀን ሁሉ ግን ከፍቼ አስቀምጥልሽ ነበር።

በነሐሴ ወር ከአራቱ ትልልቅ የባለሙያ ጎልፍ ሻምፒዮናዎች አንዱ እዚሁ አትላንታ ዳርቻ ተደረገ። ዓመት ሙሉ ስትጠብቂው የነበረው ነው። በመጨረሻው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሰብለና ባሏ ዮናስ ምግብ ይዘው መጡ። ዮናስ እንደ ልማዱ ሳያስብ ወንበርሽ ላይ ሊቀመጥ ሲል አፍጥጬ አየሁት፤ ተነሣ። ሦስታችንም ረጅሙ ሶፋ ላይ ተደርድረን በላን። ውጭ ዛፎቹ ላይ ያሉት ነፍሳት በሙቀቱ ይጮሃሉ፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ብሏል።

ሰብለ ጀመረች። «ዳዲ፣ ታች ያለው ክፍል ሬዲ ነው። ባዝሩሙም የራስህ ነው። ምንድን ነው የምትጠብቀው?» አሁንም አንተ ነው የምትለኝ፤ እንዲያ አድርገሽ ነው ያሳደግሻት። ዓይኔን ወደ ቴሌቪዥኑ መለስኩ። «ላይክ፣ አንድ ቀን ንገረኝ። አንድ ዴት። መቼ?»

በዚያች ቅጽበት ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ ኳሷን ወደ ኩሬ ከተታት። በእንዲህ ያለ ትልቅ ውድድር ሲሰለፍ የመጀመሪያው ነው። የዚያን ጉድጓድ ጨዋታ ሲጨርስ ምቱ በዝቶበት ከመሪው በአምስት ምት ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የቀሩት ጉድጓዶች ሦስት ብቻ ናቸው። መሪው ፊቱ የማይለዋወጥ፣ የማይስቅ፣ የማይቆጣ ሰው ነበር። ወድጄው ነበር። ዮናስ «ልጁ ጌም ኦቨር ነው፣ አባባ» አለኝ። እኔም ጣቴን ወደ ልጁ ቀስሬ ለሰብለ እንዲህ አልኳት፦ «ይህ ልጅ ዛሬ ዋንጫውን ከወሰደ እመጣለሁ። በአስካለ አጥንት። ባልመጣ አጥንቷ እሾህ ሆኖ ይውጋኝ።»

ሰብለ ሳህኗን አስቀመጠች። «እንዴት በማሚ ትምላለህ? ቢያሸንፍስ?»

ዮናስ ሳቀ። «በምን ተአምር? አባባ እኮ ሒሳቡን ሠርተው ነው የማሉት።»

እውነቱን ነው፣ ሠርቼው ነበር። በአንድ ጉድጓድ ቢበዛ አንድ ምት ቢያተርፍ ሦስት ነው፤ አምስት አይሞላም። በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝና የሠራሁትን ሒሳብ አምናለሁ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ኋላ የቀረ ሰው የሚደርሰው ሲሮጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የቀደመው ሊወድቅ እንደሚችል አልቆጠርኩም።

ዮናስ ሳቁን ሳይጨርስ ወንበርሽ ትንፍስ አለ።

ሦስታችንም ሰምተናል። ማንም ዞሮ አላየም። ሰብለ ጉልበቴን ያዘች፤ ሕፃን ሳለች መብረቅ ሲመታ እንደምታደርገው።

ልጁ የሚቀጥለውን ጉድጓድ ከሚጠበቀው ባነሰ ምት ጨረሰ። ልጁ የገባበትን ኩሬ መሪውም አላለፈውም፤ የእሱም ኳስ እዚያው ሰጠመች። ከዚያ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ በየስህተቱ ምት እየጨመረ ሄደ። ፊቱ ግን አሁንም አልተለወጠም። ይበቃል፣ አሁን ይረጋል አልኩ። ልጁ ከጉድጓዱ በጣም ርቆ ቆሞ ኳሷን ገፋት። ሣሩ ላይ ስትመጣ ቀጥ ብላ አልመጣችም፤ ዞር አለች፣ ዘገየች፣ የቆመችም መሰለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለኳስ ቃል ተናግሬ የማላውቀው ሰው በልቤ «አትግቢ» አልኩ። የበረኪናው ሽታ መጣ። ኳሷ እንደ ተጠራች ሁሉ ቀና ብላ ገባች።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ፣ አስካለ። እኔ አትግቢ እያልኩ ነበር፤ ግቢ የምትላት አንቺ ነበርሽ። በአርባ ዓመት ትዳራችን ተከራክረን አሸንፈሽኝ አታውቂም እል ነበር፤ ለካ ስትረቺኝም ዝም ብለሽ ስለምትተይው ያሸነፍኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱ እኩል ወጡ። ለመለያ ተጨማሪ ጉድጓዶች ሲጫወቱ ዮናስ መቀለዱን ትቶ ነበር። ሰብለ አንድ ጊዜ «ዳዲ፣ ላጥፋው?» አለችኝ። «ተዪው» አልኳት። ልጁ አሸነፈ። ሜዳው ዙሪያ የቆመው ሕዝብ ሁሉ እጁን አነሣ፣ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን የለም። ያን ያህል ሕዝብ ያለ ድምፅ ሲጮህ ማየት ጥሩ ነገር አይደለም። ከዚያም የወንበርሽ የእግር ማሳረፊያ፣ ሰው ሊነሣ ሲል እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

ዮናስ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። በሩ ላይ ሰብለ አቅፋኝ «ዳዲ፣ ቀልድ ነው፤ እኔ አልቆጥረውም። ሳትፈልግ እንድትመጣ አልፈልግም» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር። ቄሱን እናማክር፣ መሐላውን ይፍቱልህ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። መሐላን የሰማው ሰው አይፈታውም። የሚፈታው የተማለበት ነው። የማልኩት በአንቺ ነው፤ ልትፈቺኝ የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ።

በማግስቱ መፍቻ ይዤ ወንበርሽን ገለበጥኩት። ስፕሪንጉ ደህና ነው፣ ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው የታሰሩ ናቸው። ለዚህኛው ምክንያት አላገኘሁለትም። መልሼ አቆምኩትና ፊት ለፊትሽ ተቀመጥኩ። ፍቺኝ አልኩሽ። ነገሩን ዘርዝሬ አስረዳሁሽ፤ በእልህ ያመለጠኝ ቃል እንደ ሆነ፣ ቤቱን የምወደው ስለ ማን እንደ ሆነ ነገርኩሽ። ለማንም ያልለመንኩትን ለመንኩሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቤቱ ዝም አለ። ወንበሩ አልተነፈሰም። ሽታው ቀረ። ፎጣው እንደ ማንኛውም ፎጣ ሆነ። ሳምንታት ጠበቅሁ። ሌሊት ከሚሰማ ድምፅ ይልቅ ቀን የሚጠፋ ድምፅ የበለጠ እንደሚያስፈራ ያወቅሁት ያኔ ነው። በየክፍሉ እየዞርኩ በር ከፍቼ እዘጋለሁ፣ የሆነ ነገር ባሰማ ብዬ። ዕቃዋን ቀድማ አሰናድታ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ሴት ያለችበት ቤት ይመስል ነበር። ወይም ጨርሳ የሄደች ሴት። የትኛው እንደ ሆነ የምለይበት መንገድ አልነበረኝም፤ መሐላው ግን መሐላ ነው። በመስከረም ለሰብለ ደውዬ ኑና ውሰዱኝ አልኳት።

ዮናስ ትራክ ሬንት አድርጎ መጣ። ከዕቃው ሁሉ በመጀመሪያ ያወጣሁት ወንበርሽን ነው፤ መንገዱን ሙሉ ወደ ኋላ እየዞርኩ አየሁት። እዚህ የታችኛው ሳሎን መስኮት ሥር አስቀመጥነው። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ምንጣፉ ወፍራም ነው፤ ሰው ሲሄድ አይሰማም። ሰብለ በጧት ትወጣለች፣ ዮናስ ከሆስፒታል ተረኝነቱ መጥቶ ይተኛል። ይንከባከቡኛል። ምግቡም ጥሩ ነው፣ ጨው ያንሰዋል። ወንበርሽ ግን እንደ ድንጋይ ዝም አለ። ጥቅምትን ሙሉ ዝም አለ።

አንድ ቅዳሜ ሰብለን ወደ ድሮው ቤት ውሰጂኝ አልኳት። ቤቱ ተሸጧል፤ የገዙት ሰዎች ግን ገና አልገቡም ነበር። ባዶው ሳሎን መሐል ቆሜ ጠራሁሽ። የወንበሩ እግሮች ያረፉበት ምንጣፉ ላይ አራት ጎድጓዳ ምልክት ቀርቷል። ሌላ ምንም የለም። ሰብለ በሩ ላይ ሆና «ዳዲ፣ ሺ ኢዝ ኖት ሂር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። መኪና ውስጥ ገብተን ተመለስን። እዚያ የለሽም፤ እዚህም የለሽም። ታዲያ ያን ቀን ስታሸንፊኝ የት ልትሄጂ ነበር? ይህን ነበር ስጠይቅሽ የሰነበትኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ፂሜን እየተላጨሁ ነበር። ሰብለ ሥራ ላይ ነበረች። ዮናስም ተረኛ ነበር። ውኃውን ዘጋሁት። ከሳሎን በኩል «የሰብለ አባት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንድ ጊዜ። አልጮኸም፤ ጠንካራ ክዳን ሲያቅትሽ ና ክፈትልኝ እንደምትይው ያህል ነው።

ሱዳን ሳለን፣ የስደተኞች ካምፑ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ውጭ ስሜን የሆነ ሰው ሲጠራ አቤት ልል ስል በእጅሽ አፌን የያዝሽው ትዝ አለኝ። ሦስት ጊዜ ካልተጠራ አቤት አይባልም፣ የሚጠራው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፣ በአንድ ጥሪ አቤት ያለ ሰው ይወሰዳል ብለሽ አስተማርሽኝ። ይህን ወሬ መቼም አምኜው አላውቅም። ቢሆንም ላንቺ ስል ዕድሜዬን ሙሉ ጠበቅሁት፤ በአንድ ጥሪ ለማንም መልሼ አላውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ግን ምላጩን አስቀመጥኩና «አቤት» አልኩ።

በግማሽ ፂሜ ላይ አረፋ እንዳለ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ማንም የለም። ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ጥሪ እስኪመሽ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። አልፈራሁም።

የሙት ዓመትሽን ሰብለ እያሰናዳች ነው፤ ከድሮው ሰፈራችን አካባቢ፣ ከስኮትዴልም ከክላርክስተንም የሚያውቁሽ ሁሉ ይመጣሉ፣ ስምሽ ይጠራል፣ ይጸለይልሻል። ያ የእነሱ ማስታወሻ ነው። እኔ ብዙ ቃል አልገባም፤ የምገባልሽን አንድ ቃል ደግሞ በማንም አጥንት አልምልበትም። በሩ ላይ ሆንሽ፣ መንገድ ላይ ሆንሽ፣ ስትጠሪኝ ሦስተኛውን አልጠብቅም። በመጀመሪያው አቤት እላለሁ።

ባለቤትሽ
ኬኔሶ፣ ኅዳር