እማዬ ባሕሩን ያየች ሰሞን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ሻንጣው አሁንም አልዘጋ አለ። ሁለት ጊዜ አወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ አጠፍኩ። ለሁለት አዳር ይህን ያህል ልብስ። እማዬ ደግሞ አንድ ከረጢት በሶ ጨመረችበት። ለመንገድ ነው ትላለች። መንገዱ ሦስት ሰዓት አይሞላም።

የገረመኝን ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ጉዞውን ያነሳችው እሷ ናት። አባዬ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት። ባለፈው ሳምንት እራት ላይ፣ ባሕሩን ሳላይ ልሙት ወይ አለችኝ። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ጣና እዚህ ታች ነው፣ አንድም ቀን አላየችው። የነገውን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ለባልደረባዬ ሰጠሁ። ተማሪ አይከፋውም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14፤ ባ/ዳር

ሚኒባስ። መስኮቱ የእሷ። ዓለም በርን ስናልፍ ጋቢዋን አወለቀች። ፎገራ ላይ ሩዙ ቢጫ ሆኗል፤ አንገቷን አዙራ እስኪያልቅ ታየዋለች። ሐሙሲት ስንደርስ የዋንዛዬን መገንጠያ አሳየችኝ። ለጉልበቷ ፍል ውሃ የገባችበት። እስከዚያ ነው የምታውቀው አገር።

ሆቴሉ ደህና ነው። አንሶላውን አሽትታ፣ አራግፋ፣ እንደገና አነጠፈችው። የእኔንም።

11 ሰዓት ላይ ወደ ውሃው ወረድን። ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ብዙ ቆየች። ይህን ያህል ውሃ እንዲህ ዝም ብሎ መተኛቱ ገረማት። ደስ አለኝ። እንዲህ ቀላል ከሆነ ምነው እስከዛሬ ሳላመጣት?

ቅዳሜ፣ 15፤ ከሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት የድሮው ወደብ። የድንጋይ መውረጃው ተሸርሽሯል። ዳር ላይ አንድ የዛገ የብረት ጀልባ። ጺማቸው የሸበተ ባለ ጀልባ፣ ድሮ ከዚህ ተነስተው እህልም ሰውም ጭነው እስከ ጎርጎራ እንደሚሄዱ፣ ማደሪያቸው ውሃ ላይ እንደነበር አጫወቱን። እኔ ከዚያ ገበያ፣ ከዚያ ምሳ ብዬ አስቤያለሁ። እማዬ የሴቶቹን ገዳም ጠየቀቻቸው። በስሙ።

«እትዬ፣ ባሕር ይፈራሉ?» አሏት።

«አላውቀው፤ እንዴት እፈራዋለሁ።»

ጀልባው ላይ ግን አንጓዬን ጨምድዳ ያዘች። ለመሳለም ነው ብያለሁ፤ ምን ክፉ አስባለሁ።

ደሴቱ ላይ አንዲት መነኩሴ ወጥተው በስሟ ጠሯት። በስሟ። ለወራት በስልክ ሲነጋገሩ ኖረዋል። በሶው የእሳቸው ነበር። ጎጆ አሳዩዋት፤ ጠባብ፣ ንጹሕ፣ መደብ ያላት። እማዬ በእጇ መደቡን ዳበሰችው፣ ልክ የቤቷን እንደምትዳብስ። ያኔ ገባኝ። ልትጎበኝ አልመጣችም። ቦታ ልትጠይቅ ነው። ልትመነኩስ።

ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ ምሳ ቤት ገባን። እሷ ጽጌን ትጾማለች። እኔ ሆን ብዬ አሳ ጥብስ አዘዝኩ፣ ፊቷ ላይ በላሁት። አሁን አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡30

ተነጋገርን። ውሃው ዳር፣ አግዳሚ ላይ። ቃል በቃል ልጽፈው እፈልጋለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ታመጪኝ ነበር?»

«ማን አለኝ ብለሽ ነው ጥለሽኝ የምትሄጂ?»

«እኔ አለሁሽ። ክፋቱም እሱ ነው።»

ቆብ ደፍተው ቤታቸው የሚቀመጡ ሞልተዋል፣ እንደነሱ ብትሆኚስ አልኳት።

«ቤት ከተቀመጥኩ አንቺም አብረሽ ትቀመጫለሽ። ውቤ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የማስተርስ ትምህርት እዚሁ ባሕር ዳር መጥቶልሽ፣ ተሰረዘ አልሽኝ። አልተሰረዘም። ከርእሰ መምህሩ ሚስት ጋር አንድ ማኅበር ነው የምንጠጣ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቃለች። አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

«አንቺ እናቴን ማን ይጠብቃታል ትያለሽ። እኔም ልጄን ማን ይጠብቅልኛል እያልኩ ስለቴን ዘጠኝ ዓመት አዘገየሁ። እንዲህ ተጠባብቀን እናርጅ?»

ስለት መኖሩንም አላውቅም ነበር። አባዬ በታመመ ጊዜ ተስላለች። እሱ ቢድንም ባይድንም፣ ብላ።

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አልብሳኝ ተቀመጠች።

እሑድ፣ 16

ቅዳሴ አብረን። በሰላም ተመለስን። ወረታን ካለፍን በኋላ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቀላል ናት። መቼ እንዲህ ቀለለች?

ረቡዕ፣ 19

ኩርፊያ። የኔ እንጂ የሷ አይደለም። እሷ ጎመን ታጥባለች፣ ለጎረቤት ልጅ ፊደል ታስቆጥራለች። ቢያንስ እስከ ፋሲካ ቆዪ አልኳት። ለኅዳር ጽዮን ነው የቆረጥኩት አለች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

ክፍል ውስጥ እኩልታ እየፈታሁ መሀል ላይ ቆምኩ። ትክክል ትሁን አትሁን አይደለም ያስቆጣኝ። ልቤን ከእኔ በፊት ማወቋ ነው። እናቴን የምጦር ጥሩ ልጅ መባሉን ወድጄው ነበር፣ ማስታወሻዬ። ብሄድ ምን እንደምሆን ፈርቼ እሷን አሳበብኩ። ይሄን ለሰው አልናገረውም። ለአንተ ብቻ።

እሑድ፣ 23፤ ከቀኑ 8 ሰዓት

የማስተርሱን የማመልከቻ ቅጽ ሐሙስ ዕለት አመጣሁ። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ልምድ። የቅርብ ተጠሪ የሚለው ላይ እንደሁልጊዜው የእማዬን ስም ልጽፍ ብዕሬ ወረደና ቆመ። ስትመነኩስ ስሟ ይለወጣል።

ጓዳ ገብቼ ማን ሊሏት እንደሚችል ጠየቅኋት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች፣ እሷም እንደማታውቅ ነገረችኝ። ያን ቀን ነው የሚሰጡኝ አለች፤ እንደ ሕፃን ፈገግ ብላ። እኔም ፈገግ አልኩ። ሳላስበው።

የአሁኑን ስሟን ጻፍኩ። እስከ ኅዳር ይሠራል። ቅጹን ነገ አስገባለሁ። ለጽዮን ዕለትም ከሌላ ሰው ጋር አትሄድም፤ እኔው ራሴ በጀልባ ወስጄ አደርሳታለሁ። በአዲሱ ስሟም ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራት እኔ ነኝ።