ወንድም ጋሼ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው

ሃይሱክዬ፣ ከሰሜኑ ድንበር አጠገብ፣ ቾርዎን ነው ያለሁት። የሩዝ ማሳው ውሃ ሰማዩን ስላቀፈ አውቶቡሳችን ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ዛሬ የዘማቾች መታሰቢያ አይደል? ልክ አራት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ሲጮህ ሾፌሩ መንገድ መሃል አቆመ። እኛ ቡሳን ላይ «ምነው ቶሎ ባለቀ» የምንለው ያ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እዚህ እንደ ሕልም ረዘመ። ሁሉም ቆሞ አንገቱን ሲደፋ አጠገቤ ያሉት አሮጊት፣ እማማ ጆምሱን፣ ቁጭ ብለው ፀጉራቸውን ያበጥራሉ።

«እማማ፣ ሰርግ አለብዎት እንዴ?» አልኳቸው በኋላ።

«ወንድም ጋሼን ላገኝ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ኮረብታ ላይ ቀርቶ፣ አጽሙን ዘንድሮ አገኙት። እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እኔ ሰማንያ ሁለት። የሚያውቀኝ ይመስልሻል?»

ሊፕስቲኬን አውጥቼ ቀባኋቸው። «ኧረ አክስቴ ነሽ ይለኛል!» ብለው እየሳቁ ጠረጉት።

ፌርማታው ላይ ወታደሮች በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን አስታቀፏቸው። ጉንጫቸውን ሣጥኑ ላይ አስደግፈው «ወንድም ጋሼ፣ አገሩ ሰላም ነው። በቃ፣ ቤት እንሂድ» ሲሉት ሰማሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የአያትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። የጦርነቱን ወሬ ሲጀምሩ ሁሌ እንሸሻቸዋለን፤ ስመጣ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።

ናፋቂሽ ዩንጁ