አራት ቁጥር ታብሌት በእኔ ተራ

ሰኞ፣ የካቲት 3። ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ቀሪ ተባልኩ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ። ቲቸር ደሳለኝ ስሜን ጠራ፣ አቤት አልኩ፣ አልሰማኝም፣ አልፎኝ ሄደ። ማሬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። አልተነሣሁም። እሷው ተነሥታ «ትርንጎ አለች፣ የቀረው ድምጿ ነው» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ማሬ ስትለው አይከፋኝም።

ታብሌቱ እስከ ዓርብ የእኔ ተራ ነው። አራት ቁጥር። ለሦስት ሰው አንድ ነው የደረሰን፤ ለእኔ፣ ለማሬና ለይበልጣል። ያመጡልን ከጎንደር፣ ከዩኒቨርሲቲው ናቸው። መ/ርት ሰብለ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ትመጣለች። አይውደቅ፣ ፀሐይ ላይ አይዋል፣ ውሃ አይንካው። ይሄን ሦስቴ ብላለች። ደግሞ ማን መቼ እንደከፈተው፣ ምን እንዳነበበ፣ ስንቴ እንደተሳሳተ ሁሉ በውስጡ ይጻፋል አለች። ስትመጣ አውጥታ ታየዋለች።

በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ ይዤ መጣሁ። መንገዱን ሁሉ እግሬን እያየሁ። ብደናቀፍስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ደብተሬ፣ ለማንም የማልናገረው ነገር አለኝ። ስድስት ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከከብቶቹ ጋጣ ጀርባ። ታብሌቱ መጀመሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። ስሳሳት ቀይ፣ ሳገኘው አረንጓዴ ያበራል። አይስቅም። አይቸኩልም። ት/ቤቱ ተዘግቶ በከረመባቸው ሁለት ዓመታት የጠፋብኝን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው። በዐሥራ አምስት ዓመቴ ሰባተኛ ክፍል መሆኔን እሱ አያውቅም። ቢያውቅም አይናገርም።

የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ነጠላው ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ሳለ ብቻውን ተናገረ። የሴት ድምፅ። እናቴ ጎመኑን ጣል አድርጋ ምነው፣ ማን ገባ አለች። የንባብ ሰዓት ነው እያለ እያስታወሰኝ ነው አልኳት። አማተበች። ጠበል ነክቶታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልነካውም አልኳት። የወፍጮ ማኪናው እንኳ ሲመጣ አባ ረጭተውት ነው ሥራ የጀመረ፤ አዲስ ነገር ዝም ብሎ ቤት አይገባም አለች። ወደ ጎመኗ ተመለሰች፣ ረሳችው።

እኔ አልረሳሁትም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5። ከቀኑ 7 ሰዓት

ይበልጣል ዛሬ እያስፈራራኝ ዋለ። ከላይ ያለችው ትንሿ ቀዳዳ ዓይን ናት፣ ሲጠፋም ታያለች አለ። ስትተኚ አፍሽን ከፍተሽ እንደምትተኚ ለመ/ርት ሰብለ ታሳያታለች አለ። ውሸቱን ነው። ውሸቱን መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ስደርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ስከፍተው መጀመሪያ ስሜን ያወጣል። ስሜን ያስገባችው መ/ርት ሰብለ ናት፣ ስታስገባ ቆሜ አይቻለሁ። ቢሆንም ማንም ሳይኖር በስሜ ሲያውቀኝ ዞሬ ኋላዬን አያለሁ። ጥቁሩ መስተዋት ላይ ደግሞ የገዛ ፊቴ አለ።

እንዲህ እየፈራሁት እንዴት ላነብ ነው? ማንበቡን ደግሞ መተው አልፈልግም።

ያው ረቡዕ። 11 ሰዓት አልፏል

ምን አደረግሁ።

እናቴ ውሃ ወርዳ ነበር። አያ ታከለ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ለጥምቀት ጎንደር ሄዶ ከቀሐ ወንዝ ያመጣው ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስት ጠብታ ነበር ያሰብኩት። በስመ አብ ብዬ አዘነበልኩት፤ ባንዴ ፈሰሰ። በመስተዋቱ ላይ ወርዶ ቻርጀር በሚሰካበት ቀዳዳ ገባ። በቀሚሴ ጠረግሁት። ስከፍተው በራ። ደስ አለኝ፤ አሁን ንጹሕ ሆነ፣ አሁን አልፈራውም አልኩ። ከዚያ ነጭ ነጭ መስመር ወጣበት። ስሜ ተቆራረጠ። ጠፋ።

ተጫንኩት። ተጫንኩት። የለም።

ኀሙስ፣ የካቲት 6። ጠዋት

ምድጃው አጠገብ አሳደርኩት። እንዳይሞቅ እየፈራሁ፣ እንዳይቀዘቅዝ እየፈራሁ። አልበራም።

ጠበሉ ከሆነ ያጠፋው፣ ውስጡ ምን ነበረ? ስድስት ገጽ ያነበብኩት ለማን ነው? ውሃው ከሆነ ያጠፋው ደግሞ፣ ጠበሉ ውሃ ብቻ ነው ማለት ነው? ሁለቱንም ማሰብ እፈራለሁ። አንዱን ስሸሽ ሌላው ላይ እወድቃለሁ።

ለማን ይነገራል? ቲ. ደሳለኝ ታብሌት አጠመቀች ብሎ ክፍሉን ያስቅብኛል። እናቴ ጠበል ምንም አያጠፋም ብላ ትቆጣለች።

ዓርብ፣ የካቲት 7። ከቀኑ 9 ሰዓት

ተራው የማሬ ሆነ። ሰጠኋት። በሽፋኑ እንደተዘጋ። ባትሪው አልቋል አልኳት። ሸጋ፣ እኛ ቤት ሶላር አለ፣ ሰክቼው አድራለሁ አለች። ስንት ገጽ ደረስሽ አለችኝ። ስድስት አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። አንቺማ ልታልፊን ነው አለች።

መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። ዋጥኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ማሬ ሁለት ቀን ሙሉ ሰክታው አልበራም። ዛሬ ለቡድኑ አመጣችው። ይበልጣል አገላበጠውና ማሬ በወተት አጥባዋለች፣ ቅቤ ይወጣዋል ብላ አለ። ማሬ መልስ አታጣም፤ ራሱን ያላጠበ ሰው እኔን አያማኝም አለችው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

መ/ርት ሰብለ ዓርብ ትመጣለች። ማን መቼ እንደነካው ይጻፋል ብላ ነበር። ረቡዕ፣ 11 ሰዓት፣ ትርንጎ። እሱን ታወጣዋለች። አራት ቀን ቀረኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

እህል አይወርድልኝም። እናቴ ጾሙ ሳይገባ ጀመርሽው ወይ ትላለች።

ዓርብ፣ የካቲት 14። ከቀኑ 10 ሰዓት

ተርፌያለሁ። ስጽፈው ያስጠላኛል።

መ/ርት ሰብለ ጀርባውን በትንሽ መፍቻ ፈታችው። ሦስታችን ፊቷ ቆመናል፣ ቲ. ደሳለኝ በር ላይ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት። ውሃ ገብቶታል አለች። አልተቆጣችም። ይበላሻል፣ ያለ ነው፣ ለዚህ ነው እናንተ ጋ አምጥተን የምንሞክረው አለች፤ ግን ምን እንደነካው ማወቅ አለብኝ፣ ካላወቅሁ ለሌላው ት/ቤት ምን ብዬ እነግራለሁ አለች። የተጻፈው ይወጣ እንደሆን ቲ. ደሳለኝ ጠየቀ። አይወጣም፣ ያለፈው ሁለት ሳምንት ሁሉ አብሮ ጠፍቷል አለች።

ጠፍቷል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ማሬን ጠየቀቻት። ማሬ ውሃ አልነካውም፣ በአቦ አለች። ከዚያ መ/ርት ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። ስትሰጫት ይሠራ ነበር ወይ አለችኝ፣ ለስለስ ብላ፣ እንዳልደነግጥ። ማሬም አየችኝ። በዓይኗ ባትሪው አልቆ እንደነበር ንገሪያት እንጂ እያለችኝ ነው፤ ታምነኛለች።

ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ማለት ነው። ድምፅ እንኳ አላወጣሁም።

ቲ. ደሳለኝ ማሬ እውነቱን እስክትናገር ከከሰዓቱ የታብሌት ትምህርት ትውጣ፣ አሳዳጊዋም ይምጣ አለ። ማሬ አላለቀሰችም። ደብተሯን ሰበሰበች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሷ ነካኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15። ከገበያ መልስ

እናቴ ከትክል ድንጋይ ገበያ ወሬ ይዛ መጣች። የማሬ ወንድም፣ አያ ገብሬ፣ ት/ቤት ሄዶ ከቲ. ደሳለኝ ጋር ተነጋግሯል። አባት ስለሌላቸው አሳዳጊዋ እሱ ነው። ት/ቤቱ ያላመናትን እኔ ምን ላድርጋት አለ አሉ። አይከል ከተማ አክስታቸው ሱቅ አላት። ሰኞ በ4 ሰዓቱ ማኪና ይሰዳታል፤ ሱቅ ትጠብቃለች፣ ቤት ትሠራለች። ከወጣች አትመለስም። እናቴ ይቺን የመሰለች ልጅ ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ማሬ ሐኪም ነው የምትሆነው። ሁልጊዜ የምትለው እሱን ነው። እኔ ምን እንደምሆን አላውቅም። እሷ ስታውቅ ግን የእኔም የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት። ከቀኑ 8 ሰዓት

ንግሥ ነበር። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሰው ሁሉ ከነፍስ አባቱ ይነጋገራል። የእኛ ነፍስ አባት አባ ወልደ ሥላሴ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሦስቴ ሄጄ ሦስቴ ተመለስኩ። አራተኛው ላይ እሳቸው ጠሩኝ። ምነው ልጄ፣ እናቷ እንደ ጠፋባት ጥጃ ትዞሪያለሽ አሉኝ።

መስቀሉን ተሳለምኩና ነገርኳቸው። መሬት መሬት እያየሁ። ስለ ጠበሉ፣ ስለ ሁለቱ ፍርሃት፣ ስለ ማሬ። አልሰማቸው እያለ ሁለት ቦታ ላይ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት።

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዕቃው ምንም አልነበረበትም፣ የሰው እጅ ሥራ ነው አሉ። ጠበሉም ጠበል ነው፣ ዕቃው ግን ውሃ አይችልም፤ እኔም መነጽሬን ጠበል ስጠመቅ አውልቄ ነው አሉ። ፈገግ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ፣ ጠበሉን ተይው፣ እሱ አይቀየምም፣ ልጂቱስ አሉኝ።

ለአያ ገብሬ እርስዎ ይንገሩልኝ አልኳቸው። እንቢ አሉ። በንስሐ የሰማሁትን እኔ አላወራም፣ የአንቺ አፍ ነው አሉኝ።

የዕቃውና የጠበሉ ፍርሃት ለቀቀኝ። የመናገሩ ባሰ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሬ ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ አያ ገብሬ ቦርሳ በገመድ ያስራል። ቀና ብሎ ምን ፈለግሽ አለኝ። ምንም አልኩ። ተመለስኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 17። ጠዋት 2 ሰዓት ከሩብ፣ ክፍል ውስጥ

የማሬ ቦታ ባዶ ነው። እሷ የምትቀመጥበት ዴስክ ላይ ነው የምጽፈው። ማኪናው በ4 ሰዓት ይነሣል። መናኸሪያው ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። እኔ ብሄድ አያ ገብሬ አይሰማኝም፣ ልጅ ለጓደኛዋ ስትዋሽ ይመስለዋል። የሚሰማው ቲ. ደሳለኝ ሰው ከላከበት ነው። ቲ. ደሳለኝ ሰው የሚልከው ከእኔ ከሰማ ነው። ሌላ መንገድ ፈለግሁ፣ የለም። ጽፌ ልስጠው አልኩ፤ ወረቀት ኪሱ ከቶ እስከ ምሳ ይረሳዋል።

ገባ። ስም መጥሪያውን ከፈተ። ይበልጣል ከኋላ፣ አንቺ ድምፅ የለሽ፣ ጓደኛሽንም ልብሽንም አይከል ሸኘሻቸው አይደል ይለኛል። ይበል።

ሐመልማል። አቤት።

ማሬ። ዝም። ማሬ ሲል ደገመው። ቀሪ ብሎ ጻፈ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቀሪ ስባል እሷ ነበረች የምትነሣልኝ።

ሰናይት። አቤት። በላይ። አቤት።

ሁሉም ይስቃሉ። ታብሌት ያጠመቀች እየተባልኩ እስከ ስምንተኛ እሄዳለሁ። ለዚያ ለማይስቀው ዕቃ ስድስት ገጽ ጮክ ብዬ አንብቤያለሁ፤ ይሄ አራት መስመር አይሞላም። ተበጀ አለ። ከተበጀ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ደብተሬ፣ አቤት ብዬ አልቀመጥም፤ ቆሜ፣ ቲቸር ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፣ ማሬን ከመናኸሪያው ያስመልሱልኝ እላለሁ። ትርንጎ አለ።