አምስት ዓመት ያለ ሉበን

ሄልሲንኪ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2018

ኔቬና፣ ልጄ፣

…ውሃውን ደጃፉ ላይ ከደፋሁ በኋላ ግን አባትሽ ተመልሶ ገባ። መነጽሩን ረስቶ ነበር። እርጥቡን ረግጦ ገባ፣ እርጥቡን ረግጦ ወጣ። ማሰሮውን እንደገና መሙላት ነበረብኝ። መንገዱ እንደ ውሃ እንዲቀናው ውሃው የሚደፋው ከመንገደኛው ፊት ነው፣ ከኋላው አይደለም። አልሞላሁም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ይነፋ ነበር። አንቺ በመስኮት ሆነሽ… አይ፣ አንቺ ያኔ ቫሌንሲያ ነበርሽ። በመስኮት የቆመው ሌላ ሰው ነው። ወይም ማንም አልነበረም።

ደብዳቤ በዚህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ደህና ነሽ ወይ? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ደህና ነው። እዚህ ከመጣን አራተኛ ቀናችን ነው፤ እኔ፣ ፆንካ ጸጉር ሠሪዋ ጎረቤታችን፣ እና ቬሊካ፣ ጂኦግራፊ ያስተማረችሽ። ፆንካ ናት የጎተጎተችን። “ዕድሜ ልካችንን የዳኑብን ወንዝ ስናይ ኖርን፣ ሳንሞት አንድ በረዶ ሆኖ የረጋ ባሕር እንይ እንጂ!” አለች። ከተማውን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ለምን እንደመረጥኩት ሁለቱም ያውቃሉ። አንዳቸውም አልጠየቁኝም።

የምትጠብቂውን አስቀድሜ ልንገርሽ። አባትሽ እንደሞተ እንዲቆጠር ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ። “ላለፉት አምስት ዓመታት ባለቤቴ በሕይወት ስለመኖሩ ምንም ምልክት አላገኘሁም” ከሚለው ሥር ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ የተንቀጠቀጠው ትራም ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለፈረምኩ ነው። ሌላ ምክንያት አትፈልጊለት። “እማዬ፣ ወይ እንቅበረው ወይ እንጠብቀው፣ መሃል ላይ መኖር አልቻልኩም” ብለሽኝ ነበር። ይኸው።

ትናንት ባሕሩ ላይ ሄድን። እውነቴን ነው፣ ባሕሩ ላይ። ሰዉ ውሻውን ይዞ፣ የሕፃን ጋሪ እየገፋ ይንሸራሸርበታል። ብርዱ የዓይን ሽፋሽፍት ያጣብቃል። ቬሊካ ካርታዋን ዘርግታ “አሁን የቆምንበት ቦታ ሰማያዊ ነው” አለች።

“ሰምጠናል በያ!” አለች ፆንካ።

በረዶው አንዳንዴ ያቃስታል። ከሩቅ ይጀምርና በእግራችን ሥር አልፎ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ሰው አልጋው ላይ ሲገላበጥ እንደሚሰማው።

ፆንካ ሦስታችንን አንድ ላይ ፎቶ የሚያነሳን ሰው ፈለገች። አንድ ሰውዬ ብቻውን ቆሞ ነበር። ሻርፑን እስከ አፍንጫው ጠምጥሟል፣ መነጽሩን ትንፋሹ አደብዝዞታል። ስልኳን ሰጠችው። “አደራ፣ ቆንጆ አድርገህ አንሳን፣ ገና ባል እንፈልጋለን!” አለችው በቡልጋርኛ። ፆንካ ከማንም ጋር በቡልጋርኛ ነው የምታወራው። ሰውዬው አልመለሰላትም። እኔ ቆቤን ሳስተካክል ፊቱን በደንብ አላየሁትም። አነሳን፣ ስልኩን መለሰላት፣ ወደ ነጩ ሄደ።

ፎቶውን ያየነው ዓሣ ሾርባ የሚሸጡበት ቤት ገብተን ጣቶቻችን ከተፍታቱ በኋላ ነው። ሦስት ካፖርት። ሦስት ቦርሳ። ቦት ጫማዎቻችን ስድስቱም። ከአንገት በላይ ማንም የለም።

“ይሄ ሰውዬ አንገታችንን ቀላው እኮ!” ፆንካ ሳቀች። “ልክ እንደ ሉበን…” አለችና ማንኪያዋን ሾርባው ውስጥ ተወችው።

ታስታውሻለሽ? የምረቃሽ ዕለት ነጭ ቀሚስሽ አለ፣ አበባሽ አለ፣ ጭንቅላት የለሽም። የእናቴ ሰባኛ ዓመት ላይ ኬኩ ሙሉ ነው፣ እናቴ እስከ አገጯ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አባትሽ ያነሳን ፎቶ ሁሉ እንዲያ ነው።

“ብርድ ነው” አለች ቬሊካ። “በጓንት ሲይዙት ስልክ ይንሸራተታል።”

“ጓንት አላደረገም ነበር” አልኩ።

“ራይና” አለችኝ።

“በባዶ እጁ ነበር። በዚህ ብርድ።”

“ሾርባሽ እንዳይቀዘቅዝ” አለች። ካርታዋን አጣጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው፣ እንደገና አጣጠፈችው።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። እንደ እኛው ኦርቶዶክስ ናቸው። ከተማችን ሎም፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሻማ ሁለት ቦታ እንዳለው ታውቂያለሽ፤ ላይኛው ለሕያዋን፣ ከታች አሸዋው ለሙታን። አምስት ዓመት ሙሉ የአባትሽን ሻማ ይዤ በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ። አንድ እሑድ ላይኛው ላይ አብርቼ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ወደ ታች አወረድኩት። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ስላወረድኩት ይቅርታ ጠየቅኩ። እዚህ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አንድ አሸዋ፣ የሁሉም ሻማ አብሮ። ሻማ የምትሸጠውን ሴትዮ በእጄ ላይና ታች እያሳየሁ ጠየቅኳት። አልገባትም። ሻማውን ከእጄ ወስዳ እሷው ተከለችው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጄ ባዶ ሲሆን ግን ፈራሁ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። አሳትመሽ የላክሽልኝን የአባትሽን የሙት ማስታወቂያ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለውን ወረቀት፣ በራችን ላይ እለጥፋለሁ ብዬሽ ነበር። በሎም ሟቹን ያልለጠፈ በር የለም። ጎረቤት ይቆማል፣ ያነባል፣ ዕድሜ ያሰላል፣ ያልፋል። የእኛ በር ብቻ ባዶ ነው። ሁለት ጊዜ ሙጫ ቀብቼ ወጥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ በእጄ ላይ ደርቆብኛል። ስለዚህ ወረቀቱን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ይዤው መጣሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ አባትሽ ከዚህ ከላከው አንድ ደብዳቤ ጀርባ ላይ ወዳለው አድራሻ ሄድን። “በዚህ አድራሻ አይኖርም” የሚል መልስ ሁለት ጊዜ የመጣልን ከዚያ ነው። ተራ ሕንፃ ነው፣ ቢጫ፣ ጣሪያው ላይ በረዶ። ፆንካና ቬሊካ መንገዱ ላይ ቀሩ።

“አምስት ደቂቃ” አለች ፆንካ። “ከዚያ በኋላ አፍንጫዬን በመሐረብ ጠቅልለሽ ነው ሎም የምታስገቢልኝ።”

ሁሉን ነገር የምታብራራው ቬሊካ ሻርፔን አስተካከለችልኝ።

አንዲት አሮጊት ውሻ ይዛ ስትወጣ ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። በሩ ላይ ስም የለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ማንም አልከፈተም። ወርጄ ትራም ተሳፈርን፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት አውጥቼ ፈረምኩ፣ ቬሊካ እስክሪብቶ አዋሰችኝ። ይኸው ነው።

ቤትሽ አይቀዝቅዝ። ትንሿ ትደግልሽ፣ ፎቶ በተነሳች ቁጥር ፊቷ ይታይ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። በእኔ አትዘኚ፤ ዛሬ ማታ ፆንካ ካርታ ልታጫውተን ነው፣ እንደምታጭበረብር ታውቂያለሽ።

እናትሽ
ራይና

ኔቬና፣ ፖስታውን ሳላሽገው አንድ ነገር ልጨምር። ማንም አልከፈተም ያልኩሽ እውነት ነው፤ እዚያ ቆሜ ሳለሁ ማንም አልከፈተም።

ከበሩ ፊት ወለሉ እርጥብ ነበር። ከሰው ጫማ የቀለጠ በረዶ ይሆናል። ግን ክብ ነበር፣ ከማሰሮ እንደተደፋ። እንዳልረግጠው በጎን ዞሬ ቆምኩ። ጥቁር ጠርዝ ያለውን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍኩት፣ በአራት ቁራጭ ፕላስተር፣ በአራቱም ጥግ። “አምስት ዓመት ያለ ሉበን።” ወረቀቱ ላይ ያለውን የአባትሽን ፎቶ ያነሳው ሌላ ሰው ስለሆነ ጭንቅላቱ አለ። በጣቴ ጠርዙን ዳሰስኩትና መውረድ ጀመርኩ።

ስምንት ደረጃ ወርጄ ነበር። ቁልፉ ዞረ።

አልዞርኩም። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆምኩ። ፕላስተሩ ሲነሳ ሰማሁ። አልቀደደውም። በጥፍር፣ ከሥሩ፣ ቀስ ተብሎ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ ዘገየ። ሉበን ብዬ መጣራት እችል ነበር። ስምንት ደረጃ ምን አላት። አፌንም ከፍቼ ነበር።

አራት መስመር ነው የጻፍሽው። አራት መስመር ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ ጸጥ አለ፣ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው።

ከዚያ በሩ ተዘጋ።