በኬልቪን ትሬዚዝ በር ላይ ሊተከል ስለታሰበው አምስተኛ ታፔላ

ለተከበሩት የፖርት ኬረን ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ ለአቶ ግራንት ሆስኪን፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎስ? ልጆችስ? ሁላችሁም ደህና እንድትሆኑ፣ በተለይ ደግሞ እንቅልፍዎ የሞላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። የእንቅልፉን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁትም፤ እርስዎ በሰላም በሚተኙባት ከተማ፣ ከሱቄ ሦስት ቤት አልፎ፣ መተኛት የተወ ሰው ስላለ ነው።

እኔን ያውቁኛል። ባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ዓሣና ድንች የምጠብሰው ግሌኒስ ፖልኪንግሆርን ነኝ። ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የከተማችን ቤተ መጻሕፍት ነው። ዘይቱ እስኪግል አነባለሁ፣ ድንቹ እስኪበስል አነባለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የሚዋስ ሰው መጽሐፉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸተዋል፤ እስካሁን የከሰሰኝ የለም። ይህን የምለው ደብዳቤዬን መጽሐፍ የሚጠላ ሰው ጽሑፍ አድርገው እንዳይወስዱብኝ ነው። የወንጀል ልቦለድ ከዳቦ እኩል ነው የምወደው።

የምጽፍልዎት በመጪው ቅዳሜ ስለሚመርቁት «የልቦለዱ መንገድ» ነው። በእኛ ከተማ ላይ የተጻፈው የወንጀል ልቦለድ በሚያነሳቸው ቦታዎች ሰባት ታፔላ ይተከላል፣ ከትልቁ ከተማ ከአደላይድ በአውቶቡስ የሚመጣ አንባቢ ከታፔላ ታፔላ እየተዘዋወረ ፎቶ ይነሣል፣ ከተማችንም ስሟ ይጠራል። ጥሩ ነው። ስድስቱን ይባርክልዎት። አምስተኛው ግን የሚተከለው መተኛት በተወው ጎረቤቴ በኬልቪን ትሬዚዝ በር ላይ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውም «የገዳዩ ቤት» ነው። እሱን አንዱን ታፔላ እንዲተዉት እለምናለሁ። ልመናዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ስለ መጽሐፉ አመሰግናለሁ። ርዕሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ያለ እኔ እርዳታም በደንብ እየተሸጠ ነው። ደራሲዋ ወይዘሮ ሮዋን ኤልፊክ እኛ ዘንድ ሁለት ክረምት ቤት ተከራይታ ስትኖር፣ ዓሣ ከእኔ ነበር የምትገዛው፤ ጨዋ ሴት ናት፣ ጨው አታበዛም። መጽሐፉን የወሰድኩት ትንሽ እየፈራሁ ነው። ለምን ቢሉ፣ ጋዜጣው «የወንጀል ልቦለድ ብቻ አይደለም፣ ሥነ ጽሑፍ ነው» ብሎ ጽፎ ነበርና። እኔ እንዲህ ሲባል ኪሴን ነው የምይዘው። ሥነ ጽሑፍ የተባሉትን ስንቱን አይቻለሁ! ሴትዮዋ መስኮት ላይ ቆማ የሎሚ ዛፍ ታያለች፤ አርባ ገጽ ገልጬ ስመለስ አሁንም እዚያው ቆማለች፣ ሎሚው አልወደቀ፣ እሷ አልተቀመጠች። የወንጀሎቹንም ቢሆን አላሞግስም። መርማሪው ሁልጊዜ ሚስቱ የፈታችው ነው፤ ሁልጊዜ ይጠጣል፤ ሁልጊዜ ለቀብር ብሎ ወደ ተወለደበት የገጠር ከተማ ይመለሳል፤ እዚያም ዝናብ ከጠፋ ዓመታት ሆኗል፣ ሰዉ ሁሉ ምሥጢር አለው፣ ሰላምታ የሚሰጠው ግን የለም። እኔ በዚህች ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሬ ምሥጢር የሚችል ሰው አላገኘሁም። ግማሾቹ ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ነው የሚነግሩኝ።

ይህኛው ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያዘኝ። ባሕሩን እንዴት እንደጻፈችው! ውሃው ወደኋላ ሲሸሽ አሸዋው ላይ የሚቀረውን መሥመር፣ ሸርጣን የሚለቅሙት ሰዎች ባልዲውን በገመድ ወገባቸው ላይ አሥረው፣ ባለ ጥርስ መጫሪያቸውን እየጎተቱ፣ ውሃው እስከ ጉልበታቸው ሆኖ ከሩቅ ሲታዩ፤ አልቅሻለሁ። ዓሣ አሳርሬ ለደንበኛ ሌላ ጠብሻለሁ። ከዚያ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ መጣ። መጽሐፉን የሚፈላው ዘይት ውስጥ ያልጨመርኩት የቤተ መጻሕፍት ንብረት ስለሆነ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ። እርስዎ ወደ ከተማችን ከመጡ ገና አራት ዓመትዎ ነውና ባያውቁት አይፈረድብዎትም፤ አለመጠየቅዎ ግን ይፈረዳል። የኬልቪን ሚስት ሎርና የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሸርጣን ልትለቅም ወጥታ አልተመለሰችም። አስከሬኗ አልተገኘም። ጉዳዩን ያጣራው ዳኛ ሰምጣ ነው ብሎ ዘጋው። በልቦለዱ ውስጥ የኬልቪን ስም ተቀይሮ፣ ሰማያዊው የጀልባ ማቆያውና ነጭ ውሻው ግን ሳይቀየሩ፣ ባልየው ሚስቱን ገድሎ በተተወ የመዳብ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይጥላታል። መርማሪው እንዴት ደረሰበት? በመኪና መብራት።

እዚህ ሰው ከባሕር ሳይመለስ ከመሸ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ። ማንም ሳያዝ፣ ማንም ሳይጠራ፣ ሰዉ መኪናውን አውጥቶ አፍንጫዋን ወደ ውሃው አዙሮ መብራት ያበራል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ሰው የብሱ በየት በኩል እንደሆነ እንዲያይ። ሎርና የጠፋች ዕለት ዳርቻው ከጫፍ እስከ ጫፍ በርቶ ነበር። ከአንዲት መኪና በቀር። የኬልቪን መኪና ጨልማ ቆማ ነበር። ደራሲዋ ይህን ከመጠጥ ቤት ወሬ ሰምታ ወሰደችው፤ መርማሪውም «ባልየው ብቻ አላበራም፤ እንድትመለስ ስላልፈለገ ነው» ብሎ ምዕራፉን ዘጋው።

ረቡዕ ረቡዕ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለንባብ የምንሰበሰብ ሴቶች አለን። እዚያ ስቆጣ ኖሪን፣ ዕድሜ ልኳን ጎረቤቱ የነበረችው ኖሪን፣ «አንቺ ደግሞ! ልቦለድ እኮ ነው፣ ምን አቃጠለሽ?» አለችኝ። ኬኳን ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ግሌን፣ እውነትም ለምን አላበራም?» አለች።

ይኸውልዎት ክቡርነትዎ። ልቦለድ እኮ ነው።

ለምን እንዳላበራ እኔ ልንገርዎት። ኬልቪን ከሁላችንም ቀድሞ አብርቶ ነበር። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ እኛ እራት እያቀረብን ሳለ፣ መኪናውን ወደ ውሃው አዙሮ፣ መብራቱን አብርቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ራሱ ባሕር ገባ። እኛ ስንደርስ መብራቱ ደክሞ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ሲጨልም ባትሪው አለቀ። በማግሥቱ ጠዋት ከእኛ መኪና በኬብል አገናኝቶ ያስነሳለት ባሌ ክላይቭ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ለፖሊስም ያኔውኑ ተናግሯል። ጨልማ የቆመች መኪና ያየ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ባትሪውን ነው! ይህን ለማወቅ ፖሊስ መሆን አያስፈልግም፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው መሆን ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ደራሲዋን ቤተ መጻሕፍታችን ድረስ ጋብዘው ስላመጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ከሰዓት አዳራሹ በአውቶቡስ እንግዶች ሞልቶ፣ የከተማው ሰዎች በጣት የምንቆጠር ሆነን ከጎን ተደርድረን ነበር። በፕሮግራሙ ላይ አንድ ተዋናይ የልቦለዱን ባል፣ ዓሣ አጥማጁን ሆኖ በድንገት ከሕዝቡ መካከል እንደሚነሳ ተጽፎ ነበር። ወይዘሮ ሮዋን ካነበበች በኋላ ጥያቄ ተባለ። ከኋላ ኬልቪን ተነሳ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

«እመቤቴ» አላት፤ «መጽሐፍሽን አንብቤዋለሁ። አንባቢ ስላልሆንኩ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሚስትየው የት እንዳለች መጨረሻው ላይ ጽፈሻል። እኔ እስከ ዛሬ እየፈለግኳት ነው። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝና ልቅበራት።»

ከዚያ ጭብጨባው ፈነዳ።

ተዋናዩ መስሏቸው ነው። እውነተኛው ተዋናይ ከጓዳ ቦት ጫማው አልገባ ብሎት ሲታገል ነበር። ሰዎቹ ቆመው አጨበጨቡ፤ አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች። እርስዎም ክቡርነትዎ ከፊት ወንበር ተነሥተው፣ ሄደው፣ የኬልቪንን ትከሻ መታ መታ አድርገው፣ «እንዴት ያለ ችሎታ ነው ወንድሜ! ፀጉሬ ነው የቆመው!» አሉት። እኔ ተነሥቼ፣ «ግራንት፣ ተዋናይ አይደለም! ራሱ ኬልቪን ነው!» ብዬ ስጮህ፣ በዚያ በሚያምር ፈገግታዎ፣ «ግሌኒስዬ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ» አሉኝ። እጄን አወጣሁ። እስካሁን አልጠሩኝም፤ ይህን የምጽፈው እጄ ስለደከመ ነው።

ደራሲዋ አላጨበጨበችም። ፊቷ ገርጥቶ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ ከዚያ በኋላም የአንድ ሰው መጽሐፍ አልፈረመችም። ይህን ያየሁትን ልመስክርላት። ኬልቪን ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። የተሳቀበት ነው የመሰለው።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር፣ አንባቢ ነኝና መብቴ ነው። ደራሲ መዋሸት ሥራው ነው። ወይዘሮ ሮዋን መጽሐፏ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በውስጡ ያሉ ሰዎች በሙሉ ፈጠራ ናቸው» ብላ ጽፋለች፤ ከኬልቪን ውሻ ቀለም በስተቀር ልቀበላት እችላለሁ። መጽሐፉን ስከድነው ገዳዩም አብሮ ይከደናል። እርስዎ ግን ለፈጠራው የቤት ቁጥር ሰጡት። እሷ በሦስት መቶ ገጽ ያልደፈረችውን እርስዎ በሁለት ቃል፣ በብረት ላይ፣ በምክር ቤቱ ማኅተም ጻፉት። ታፔላ እኮ አይከደንም።

አራተኛ፤ የታፔላው ቀለም ያምራል።

አምስተኛ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ኬልቪን ሸርጣን ሊለቅም አልወጣም። መጋረጃው ቀን ከቀን ተዘግቶ ነው የሚውለው። ዓሣ እወስድለታለሁ፤ ግማሹን ለውሻው ይሰጠዋል። ሰኞ ዕለት «እህትህ ዘንድ ሂድና ይህ ሳምንት ይለፍ» ስለው፣ «ግሌን፣ ከሄድኩ እኮ መጽሐፉ እውነት ይሆናል» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለኝ። «ምን ልታደርግ?» አልኩት፤ ደንግጬ ነው የጠየቅኩት፣ አልደብቅዎትም። «የደጁን ሣር ልቆርጠው ነው» አለ። «ፎቶ ላይ የተዝረከረከ ቤት እንዳይመስል። ሎርና ዝርክርክ ነገር አትወድም ነበር።»

ክቡር ሊቀመንበር፣ ስንት የወንጀል ልቦለድ አንብቤያለሁ። ገጹን እየገለጥኩ አሁን ማን ይሞት ይሆን ብዬ መጨነቅ ልምዴ ነው፤ ደስ የሚል ጭንቀት ነው፣ የምከፍልበት ነው። ሰሞኑን በየማለዳው የዚያን ሰው ጭስ ማውጫ ዛሬስ ይጨስ ይሆን ብዬ እያየሁ የምጨነቀው ጭንቀት ግን ደስ አይልም። መጨረሻውን ገልጬ ማየትም አልችልም።

ስለዚህ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ቅን አመራርዎ፣ ለከተማችን ስላመጡልን ዝና፣ እንዲሁም ከአራት ዓመት ጎረቤትነት በኋላ የአንድን ሰው ፊት ከተዋናይ ፊት ለይቶ ባለማወቅ ላሳዩን ከፍ ያለ የኪነ ጥበብ ፍቅር ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ መልስዎን ከቅዳሜ በፊት በጉጉትና በአክብሮት የምጠብቅ፤

የሁልጊዜ ታዛዥ አንባቢዎ፣
ግሌኒስ ፖልኪንግሆርን፣ ከዓሣ ቤቱ

ማስታወሻ፤ የታፔላዎቹን ጉድጓድ እንዲቆፍር የቀጠሩት የእህቴ ልጅ ዳሪል ስድስቱን ጨርሷል። ለመጨረሻ ያቆየው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ወገቡን ስላመመው እስከ እሑድ መቆፈር እንደማይችል በይቅርታ እንድነግርዎት ልኮኛል። እኔም ተቆርቁሬ መቆፈሪያ ማሽን ያላቸውን ሌሎቹን ሁሉ ጠየቅኩልዎት፤ የሚገርም ነው፣ ሁሉንም ወገባቸውን ነው ያመማቸው፤ ኖሪን እንኳ፣ ማሽን የሌላት፣ አሟታል። ስለዚህ ታፔላው የግድ ነው ካሉ አካፋው የምክር ቤቱ መጋዘን ውስጥ አለ። ቦታው የኖራ ድንጋይ ነው፣ እስከ ቀትር ይፈጅብዎታል። እኛ ወንበር አውጥተን እናይዎታለን እንጂ አንናገርዎትም። ኬልቪንን ግን አውቀዋለሁ፤ ሰው በፀሐይ ሲደክም ማየት ስለማይችል፣ ገና ላብዎን ሲጠርጉ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ይዞልዎት ይወጣል። ይቀበሉት። ሲጠጡ ግን ፊቱን ይዩት።