የብር ሳንቲምን ወዝ ሲዳኙ የኖሩት የጋሼ መስኮት የሕይወት ታሪክ

ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ጋሼ መስኮት» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ ወንድማችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በጥር ወር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ስንቱን ሕፃን በእጃቸው የተቀበሉት እናታችን እንደመሰከሩት፣ እኚህ ሕፃን እንደ ሌላው አላለቀሱም፤ ዓይናቸውን ገልጠው የክፍሉን ዕቃ አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ ነው ቅር እንዳለው ሰው ድምፅ ያሰሙት። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በአባታችን ሱቅ መስታወት ሥር ተቀምጠው ደንበኛ የከፈለውን ሳንቲም በቀለሙ ይለዩ ነበር። ይህን ያየ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቀርቷል፤ አፉን ያልያዘ ካለ አላየም ማለት ነው።

ትምህርታቸውን በሚገባ አጠናቀው በ1960 ዓ.ም. በባንክ ገንዘብ ተቀባይነት ተቀጠሩ። ከሠራተኞቹ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ ብሎ መናገር ማሳነስ ነው፤ ባንኩ ያለ እርሳቸው ቁምሳጥን ነበር። ሆኖም ሰልፉ እስከ ውጭ በር ደርሶ እያለ እርሳቸው አንዲት ሳንቲም ወደ ብርሃን እያዘነበሉ ሲያዩ አለቃቸው ስለደረሱባቸው በ1968 ዓ.ም. በስምምነት ተለያዩ። ስምምነቱ የአለቃቸው ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት አሮጌ ሳንቲም የሚገዛና የሚሸጥ ሱቃቸውን ከፈቱ።

በ1970 ዓ.ም. የወረቀት ፖስታ ሊገዙ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብተው ከመደብሩ ሻጭ ከወደፊት ባለቤታቸው ጋር ተዋወቁ። የትኛው ወረቀት ለሳንቲም ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሰጥ ሲያስረዱ መዝጊያ ሰዓት አለፈ። «በቃ አገባሃለሁ፤ አሁን ውጣልኝ፣ መዝጋቴ ነው» አሏቸው። ትዳሩ በወንድማችን ሞት እስኪቋጭ ሊዘልቅ በተገባ ነበር፤ ባለቤታቸው ግን ቀድመው በ1999 ዓ.ም. ዐረፉ። አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ሙያውን ለማያውቅ እንዲህ ነው። የብር ሳንቲም በወረቀት ውስጥ ወይም በእንጨት መሳቢያ ለብዙ ዘመን ሲተኛ ራሱ ቀለም ያወጣል። መሃሉ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ወዝ የሚሉት ይህንን ነው። ችኩል ሰው ደግሞ በኬሚካል ይቀባዋል፤ የቅብ ቀለም ተራውን አያውቅም፣ እንደ ሰካራም በመጣበት ይገባል፣ የብሩንም ብልጭታ ያፍነዋል። ወንድማችን ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዘው፣ መስኮት ዳር ቆመው፣ ቀስ አድርገው ያዘነብሉታል። ብርሃኑ ከቀለሙ ሥር ከዞረ ወዝ ነው። ከዚያ ዓይነ ግቡ ነው፣ አይደለም ብለው ይፈርዳሉ። አምፖል ከሚያበራ ሰው ጋር ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም፤ ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴው ሁሉ ሱቃቸው ይሰበሰባል። «ቅብ ነው» ካሉ አለቀ፤ በዚህ ምድር ላይ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አልነበረም።

ልጃቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው አሠለጠኗት። «ከእኔ ቀጥሎ እሷ ናት» ይሉ ነበር። ከእርሳቸው አፍ ይህ ሹመት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ልጃቸው የመጀመሪያ ግኝቷን ይዛ በቅዳሜው ጉባኤ ፊት ቀረበች። ከአንድ ሟች ልብስ ሰፊ ቤት፣ ከልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ፖስታ ውስጥ ያወጣችው የብር ሳንቲም ነበር። ፖስታው ከተዘጋ ሰማንያ ዓመት ቢያልፈው እንጂ አያንሰውም። ቀደም ብላ ያሳየችው አጎቷ፣ የጋሼ ታናሽ ወንድም፣ እንዲህ ያለ ሰማያዊ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዳልታየ ዛሬም ይምላል። በዕለቱ አለመኖሩ ነው እንጂ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ አዘነበሉት። «ይሄ ወዝ አይደለም፣ እድፍ ነው» አሉ።

«አባዬ፣ ሰማያዊውን እየው እንጂ።»

«የቱን ሰማያዊ? ጭቃ! የማን ድስት ሥር አገኘሽው?»

ነጋዴው ሳቀ። ሰማያዊውን እያየ ሳቀ።

«አባዬ፣ ዓይንህን ለሐኪም አሳየው። እባክህ።»

በዚያ ጉባኤ ፊት እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም። «ዓይን የሌላትስ አንቺ ነሽ!» አሉና የብር ማጽጃ ፈሳሽ ያለበትን ብርጭቆ ስበው ሳንቲሙን ነከሩት። ሲያወጡት እንደ አዲስ ማንኪያ ነጭ ሆኖ ወጣ። «አሁን አማረበት፣ ጋሼ» ያለ ሰው ነበር፤ ዛሬ ከመካከላችን ስለቆመ በስሙ አንጠራውም። ሰማንያ ዓመት የተሠራ ነገር ሻይ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ጠፋ፤ ወዝ ደግሞ አንዴ ከወጣ ማንም አይመልሰውም።

ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሳንቲም የሚያሳያት አልተገኘም። «አባቷ እንኳ ዓይን የላትም ብለዋል» ይባል ነበር። እሷ ግን ሱቁን ጥላ አልሄደችም፤ መሳቢያ ስትወለውል፣ ፖስታ ስትቆርጥ፣ ለዚያው ለሳቀው ነጋዴ ወንበር ስታቀርብ ዓመታት አለፉ።

በ2013 ዓ.ም. ወንድማችን ደረጃ ስተው ወድቀው ሐኪም ዘንድ በግድ ተወሰዱ። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሆኖ ተገኘ፤ ሐኪሙ ብዙ ዓመት የቆየና ወደ ቡናማ የጠቆረ ነው፣ እንዲህ ያለ ዓይን ሰማያዊ ቀለም አያሳልፍም አሉ። ቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ፋሻው በተፈታ ጠዋት ልጃቸው ከአልጋው አጠገብ ነበረች።

«ሹራብ ገዛሽ እንዴ?» አሏት።

«አራት ዓመቱ ነው፣ አባዬ።»

«ያ ቡናማው የት ሄደ?»

«ይኸው ነው። ቡናማ ሆኖ አያውቅም።»

ጋሼ ቀኝ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከዚያ ግራውን ጨፈኑ። ቡናማ፣ ሰማያዊ። እንደገና ቡናማ፣ እንደገና ሰማያዊ። ምሳ መጥቶ እስኪመለስ ሲያፈራርቁ ቆዩ። ምን እንደነከሩ ያን ዕለት አወቁ።

ከሆስፒታል ከተመለሱ ወዲህ አንድም ሳንቲም አልዳኙም። ነጋዴው ኩራት መሰለው። ለታናሽ ወንድማቸው ብቻ «በጉባኤው ፊት ያልኩትን በጉባኤው ፊት እመልሳለሁ፤ ይቺን ቅዳሜ» አሉት። ቅዳሜ ሲመጣ ጉንፋን ያዛቸው። በሚቀጥለው ሰው አልሞላም አሉ። ሰው ሲሞላ ደግሞ በዛ አሉ። በዓለም ላይ የሚፈሩት ነገር እንደሌለ ስንኩራራበት የኖርነው ወንድማችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ፈርተው ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ልጃቸውም በየቅዳሜው ከኋላ ተቀምጣ አፋቸውን ታይ ነበር። እርሳቸውም እንደምታይ ያውቁ ነበር።

በዚህ መካከል ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሐሙስ መጋቢት 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ74 ዓመታቸው ዐረፉ። ከአንድ ቀን በፊት «ቅዳሜ ውሰዱኝ» ብለው ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ልጃቸው አንብባዋለች። «አጎቴ፣ ይሄንን ተወው። እሱ ቢለው ነበር እንጂ አሁንማ ምን ያደርግልኛል?» አለች። እውነቷን ነው። አጎቷ ግን አልተወውም፤ ምክንያቱም ያን ቀን የሳቀው ጉባኤ እንዲህ ሙሉ ሆኖ ዳግመኛ አይሰበሰብም። ስለዚህ ጋሼ ሊናገሩት ቀጠሮ ይዘው ያልተናገሩት ይሰማ፦ ያ ሳንቲም ወዝ ነበረው። ያየችው እሷ ነበረች። ያላዩት እርሳቸው ነበሩ። እናንተም አይታችኋል።

ወንድማችን አንዲት ሴት ልጅ፣ በሙያዋ የሳንቲም መርማሪ የሆነች፣ እና አንድ ታናሽ ወንድም ትተው አልፈዋል። ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለልጃቸው መጽናናትን እንለምናለን፤ እርሳቸውንም ፈጣሪ እርሳቸው በፈረዱበት አፈራረድ አይፍረድባቸው።